ጀበና በስኳር፦ ባለ ምስል ኬክ በጅማ አየር

ባለ ምስል ኬክ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይያዝልኝ፦ ምስሉ ይቀድማል፣ ኬኩ ይከተላል። ልማዳችን የተገላቢጦሽ ነው። ዓርብ ማታ ይጋገራል፣ ቅዳሜ ክሬም ይቀባል፣ ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ በጥድፊያ ምስሉ ይጀመራል። የስኳር ሊጥ ግን በአንድ ሌሊት አይደርቅም። እሑድ ረፋድ ላይ ሙሽሪት ወደ ጎን ትዘማለች፣ የተመራቂው ቆብ ዓይኑ ላይ ይወርዳል፣ የጀበናው አንገት ይጎብጣል። ይህ የእጅ ጥበብ ማነስ አይደለም። ቀኑ አስቀድሞ ስላልተቆጠረ የመጣ ነው።

ጅማ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዝናቧ ብዙ፣ ክረምቷ ረጅም ነው። ስኳር ደግሞ እርጥበትን ከአየር ይስባል። አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ፣ ወንዙ ቅርብ በሆነበትና በክረምት ግድግዳው በሚያልብበት ቤት የሚሠራ ሰው ለደረቅ አገር የተጻፈን አሠራር እንዳለ ቢወስድ ይቸገራል። የምርቃት ትእዛዝ የሚበዛው ደግሞ ልክ ዝናቡ ሲከብድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ለዚህ አየር አስቤ ጽፌዋለሁ፤ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃና የቡ ላላችሁም ይሆናችኋል።

የቀን ስሌቱ እንዲህ ነው። ኬኩ የሚቆረጠው እሑድ ከሆነ ምስሉ በበጋ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ይሠራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሦስት ቀን ይጨምሩበት። ሐሙስ ይጋግሩ፣ ዓርብ ክሬሙን ይቀቡ፣ ቅዳሜ ያልብሱ። ምስሉ ኬኩ ላይ የሚወጣው እሑድ፣ ድግሱ ቤት ከደረሱ በኋላ ነው።

ምን ይሠራ?

ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ የውጭ ካርቱን ምስል ሲያሳይዎ ትእዛዙን ይቀበሉ፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን ከጎኑ ሌላ ሐሳብ ያቅርቡለት። ጅማ ለስኳር ምስል የሚሆን ቅርጽ ሞልቶባታል። ጀበና ከነማቶቱ፣ ረከቦት ከነስኒው፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ፍሬው የቀላ የቡና ቅርንጫፍ፣ ጅማ የምትታወቅበት ባለ ሦስት እግር ባርጩማ አለ። ደፈር ላለ ሰው ደግሞ በጅረን ኮረብታ ላይ የቆመው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነእንጨት ሰገነቱ አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጅማን ገዝተዋል፤ ቤታቸውን የማያውቅ የከተማው ልጅ የለም። የማያውቁትን ካርቱን ከፎቶ ሲገለብጡ ስሕተቱን ማየት ይከብዳል። የጀበና አንገት ሲወፍር ግን እጅዎ ራሱ ያውቀዋል፤ ዕድሜዎን ሙሉ ይዘውታልና።

የስኳር ምስል አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮን የጎበኘው የፋርስ ተጓዥ ናስር ኹስራው በፋጢማውያን ገዢ የበዓል ማዕድ ላይ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ፍሬውም ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ አይቶ ጽፏል። በ1582 ኢስታንቡል ውስጥ ለሱልጣን ሙራድ ሦስተኛው ልጅ ግርዛት በተደረገው ታላቅ ድግስ የስኳር እንስሳት በሰልፍ አልፈዋል። በግብፅ ለመውሊድ የስኳር አሻንጉሊት ለልጆች መግዛት እስከ ዛሬ የቆየ ልማድ ነው። ከስኳር ዛፍ ማውጣት ከተቻለ ከስኳር ጀበና ማውጣት አያቅትም።

ትእዛዝ ሲቀበሉ ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቁ አይለፉ። አንደኛ፣ ቤተሰቡ የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ይፈልጋል ወይ? ጅማ ላይ ለኒካህና ለዒድ ኬክ ሲያዝዙ ነፍስ ያለው ፍጡር ምስል የማይፈልጉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነሱ ጀበናውና የቡናው ቅርንጫፍ ያለ ምንም ችግር ያምራል። ሁለተኛ፣ ቀኑ ጾም ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ኬኩ የሚቀመጠው ከቤት ውስጥ ነው ወይስ ድንኳን ሥር? ድንኳን ከሆነ ክሬሙም ምስሉም ይለወጣል።

ስኳሩና ሁለቱ ሊጦች

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎንዳንት የሚባለውን አንድ የስኳር ሊጥ ለሁሉም ሥራ ስለሚያውል ነው። ኬኩን የሚያለብሰው ሊጥ ለስላሳ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ምስሉ ደግሞ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ሊጡ ሁለት ዓይነት ነው።

ሁለቱም የሚነሡት ከደቃቅ ስኳር ነው። የፋብሪካው ስኳር ሸካራ ስለሆነ ደቃቁ ካልተገኘ ራስዎ ይፍጩት፤ ለ200 ግራም ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምረው፣ ደረቅ በሆነ መፍጫ። አቧራው እስኪሰክን ክዳኑን አይክፈቱ። ከዚያ በወንፊት፣ ቀጥሎም በስስ ሻሽ ይንፉት። በሻሽ ያላለፈ ስኳር ለማልበሻው ሊያገለግል ይችላል፤ ለትንንሽ ምስል ግን አይሆንም፤ የፊት ገጽ ላይ እንደ አሸዋ ይታያል።

የምስሉ ሊጥ፦ 500 ግራም ደቃቅ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ግሉኮስ፣ ለብ ያለ ውሃ። ሲኤምሲ ከዕፅዋት የሚገኝ የሚያጣብቅ ነጭ ዱቄት ሲሆን የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል። ስኳሩንና ሲኤምሲውን ደረቁን ያደባልቁ፤ ግሉኮሱን በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አቅጥነው ይጨምሩ፤ ከዚያ ሊጡ እስኪያያዝ ውሃውን በጠብታ ያክሉ። እጅዎን በጥቂት የአትክልት ቅባት አሽተው ያቡኩት፣ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው ያሳድሩት። ሲያድር ሙጫው ሥራውን ይሠራል፤ ማታ ይፈርስ የነበረው ሊጥ ጠዋት ሲጎተት ይለጠጣል። ይህ ሊጥ እንቁላልም ወተትም ጄላቲንም የለበትም። የጾመኛውም የሙስሊሙም ቤት ያለ ጥያቄ ይገባል፤ እኔ ለጅማ ከሁሉ የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲኤምሲ ከጠፋ በጄላቲን የሚሠራ፣ ቶሎ የሚደርቅ ሊጥ አለ፦ 10 ግራም ጄላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ ዘፍዝፈው በፈላ ውሃ ላይ ያሟሙት፤ 1 የሻይ ማንኪያ ሎሚ ይጨምሩና ከ500 ግራም ደቃቅ ስኳር ጋር ያቡኩት። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ስለሚያወጣ ለባርጩማ እግር፣ ለቤት ግድግዳና ለመሳሰለው ጠፍጣፋ ነገር እንጂ ለፊት ገጽ አይመችም።

ጄላቲን ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። ከከብት የሚሠራ አለ፣ ከዐሳማም የሚሠራ አለ። ሐላል የሚል ምልክት ወይም የከብት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ የሌለበትን አይግዙ። በእኛ አገር ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱም ዐሳማ አይበላም። ማርሽሜሎም ጄላቲን እንዳለበት ያስታውሱ።

የማልበሻው ሊጥ፦ 1 ኪሎ ደቃቅ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጄላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ የተዘፈዘፈ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ገደማ ግሉኮስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የአትክልት ቅባት። ከስኳሩ በቀር ሌላውን በፈላ ውሃ ላይ አሟሙተው ስኳሩ መሐል ያፍስሱና ያቡኩ። ግሊሰሪኑ ለምግብ የተዘጋጀ ይሁን፤ ለቆዳ ቅባት የሚሸጠውን አይጠቀሙ። በክረምት ግሊሰሪኑን በግማሽ ይቀንሱት፤ እርሱም እርጥበት ይስባልና። ምስሉ ውስጥ ግን ጭራሽ እንዳይገባ።

ግሉኮስ ሲጠፋ 250 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በቀስታ እሳት ማር እስኪመስል ያፍሉ። እዚህ ላይ ከፍታው ይቆጠራል። በጅማ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የውጭ መጽሐፍ ስኳሩን እስከ 114 ዲግሪ አድርሱ ካለ እኛ 108 ላይ እናወርዳለን። አለዚያ ሽሮፑ ከረሜላ ይሆናል። የጌራ ማር በእጃችን ሳለ ለምን ሽሮፕ እንሠራለን የሚል ይኖራል። ማር ለኬኩ ውስጥ ግሩም ነው፤ ለምስል ግን ሊጡን ቢጫ ከማድረጉም በላይ እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

ጀበናው

10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ላለው ጀበና 150 ግራም ሊጥ ይበቃል። 90 ግራሙ ለሆዱ፣ 25ቱ ለአንገቱ፣ 10ሩ ለእጀታው፣ 5ቱ ለጡቱ፣ 20ው ለማቶቱ።

ጥቁሩን ቀለም በቀለም ብቻ ለማምጣት አይታገሉ። ብዙ ጥቁር ቀለም ሊጡን ያለሰልሰዋል፣ ምላስም ያጠቁራል። አስቀድመው ለ100 ግራም ሊጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ያስገቡ፤ ቡናማ ይሆናል። ካካዎ ሊጥ ስለሚያደርቅ ጥቂት ቅባት አብረው ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ጥቂት የጄል ጥቁር ቀለም ይበቃዋል። በጠርሙስ የሚሸጠው ውሃማ ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ሆዱን ይሥሩ። ሊጡን በሁለት መዳፍ መሐል አጥብቀው ያድቦልቡሉት፤ ስንጥቅ ካለበት ደግመው ያሹት እንጂ በውሃ አያብሱት። ድቡልቡሉን የቡና ስኒ አፍ ላይ ያስቀምጡት፤ እየደረቀ ሳለ ታቹ ጠፍጣፋ እንዳይሆን ስኒው ይይዝልዎታል። አሁን ሦስት የደረቀ ስፓጌቲ ዘንግ ከላይ ወደ ታች ይትከሉበት፣ ጫፋቸው አንገቱን ያህል ወደ ላይ ይቅር። ስቴኪኒ ለምን አልተጠቀምንም ካሉ፣ ስኳር ምስል ልጆች እጅ መግባቱ አይቀርም፤ ፓስታ ቢነክሱት ይሰበራል፣ ስቴኪኒ ግን ይወጋል።

በዚያው ቀን እጀታውን ለብቻው ይሥሩ። እርሳስ ያህል ወፍራም ዘንግ አንከባለው፣ በሆዱና በአንገቱ ልክ አጥፈው፣ በስታርች በተነሰነሰ ሰሌዳ ላይ አስተኝተው ይተዉት። እርጥብ እጀታ የሚለጥፍ ሰው ጠዋት ወለል ላይ ያገኘዋል። ማቶቱን ደግሞ ሁለት ቀጭን ገመድ ጠምዝዘው ቀለበት ያድርጉት፤ ለእርሱ ያልተቀባ፣ በትንሽ ቡና የፈዘዘ ሊጥ ያምራል።

በሁለተኛው ቀን አንገቱ። ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ዘንግ ሠርተው በስፓጌቲዎቹ ላይ ቀስ ብለው ያውርዱት። አፉን በእርሳስ ቂጥ በመሰለ ድቡልቡል ዘንግ ገፋ ገፋ አድርገው ይክፈቱ። ጡቱን ከሆዱ ትከሻ ላይ፣ ወደ ላይ ቀና አድርገው ይለጥፉ። መጣበቂያው ከዚያው ሊጥ ቁራጭ በጥቂት ውሃ የሟሟ ነው። ለምግብ የጸዳ የግራር ሙጫ ያለው አንድ እጅ ሙጫ በሦስት እጅ ውሃ አሟሙቶ ቢጠቀም ይበልጥ ይይዝለታል።

በሦስተኛው ቀን የደረቀውን እጀታ በሁለት ጫፉ ያጣብቁ፤ እስኪይዝ በጥጥ ወይም በታጠፈ ሶፍት ይደግፉት። ከዚያ ሁለት ቀን እንዳይነካ። ሲደርቅ ደረቅ ካካዎ በብሩሽ ሆዱ ላይ ይርጩበት፤ እሳት ያየ ጀበና የሚመስለው ያን ጊዜ ነው። የሚያብረቀርቅ ሽፋን አይቀቡት። ጀበና አያብረቀርቅም።

ስኒዎቹ ቀላል ናቸው። 8 ግራም ነጭ ሊጥ ድቡልቡል ዘንግ ጫፍ ላይ ተጭኖ ይወጣል፤ አፋቸው ላይ በቀጭን ብሩሽ የቀለም መስመር ያዙሩ። ውስጡ የሚፈሰው ቡና ከቡናና ከስኳር የተሠራ ወፍራም ሽሮፕ ይሁን፤ የሚፈሰውም ኬኩ ከመቆረጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቄጠማውን አረንጓዴ ሊጥ በሸካራ ወንፊት በመጫን ያወጡታል፤ ረከቦቱ ሥር ሲበተን ኬኩን ሙሉ ያደርገዋል። ፈንዲሻው እውነተኛው ፈንዲሻ ይሁን፤ ኬኩ ላይ ግን አይቀመጥ፣ እርጥበት ይዞት ይለሰልሳል። ጎኑ በሳህን ይቅረብ።

ጀበናውን ከፍ አድርገው፣ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ለመሥራት ከፈለጉ ሙሉ በሙሉ በስኳር አይሙሉት። ክብደቱ ኬኩን ያሰምጠዋል፣ ውስጡም ወር ሙሉ አይደርቅም። ፈንዲሻውን ደቀቅ አድርገው ሰብረው በወፍራም ትኩስ ሽሮፕ ያደባልቁና እጅ መንካት ሲያስችል በጀበና ቅርጽ አጥብቀው ይጭመቁት። ሲቀዘቅዝ ስስ ክሬም ይቀቡትና በ3 ሚሊ ሜትር ሊጥ ያልብሱት።

የቡናው ቅርንጫፍ

የቡና አገር ሰው የቡና ቅርንጫፍ ሲሠራ የሚያየው ሁሉ ገበሬ ነው፤ ስሕተት አያልፍም። ቅጠሉ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል እንጂ ተፈራርቆ አይወጣም። ጠርዙ ሞገድ አለው፣ ጫፉ ሹል ነው፣ ላዩ ያብረቀርቃል። ፍሬው የሚሰበሰበው ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ላይ፣ ግንዱን አቅፎ ነው። የወይን ዘለላ አስመስለው ጫፉ ላይ የሚያንጠለጥሉት ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ቡና ግን የለም።

ለእያንዳንዱ ፍሬ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ሊጥ ይያዙ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ አይሁን። በጥቅምትና በኅዳር ለቀማ ወቅት አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴም፣ ቢጫ የጀመረውም፣ ደም የመሰለውም ይታያል፤ እነዚህን ሦስቱን ቀለማት ያቀላቅሉ። በፍሬው ጫፍ ላይ እምብርቱን በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ያድርጉ። አበባ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ አምስት ቅጠል ያላት ነጭ አበባ ትሠራለች፤ ነገር ግን አበባና የቀላ ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አያብዙ፤ አበባው የሚፈነዳው ለቀማው ካለፈ በኋላ፣ በበጋ መጨረሻ ዝናብ ሲያካፋ ነው።

ቅጠሉን 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ይዳምጡት። ከጓሮ እውነተኛ የቡና ቅጠል ቆርጠው ለቅርጽ መለኪያ መጠቀም ይችላሉ፤ በደንብ ታጥቦና ደርቆ፣ በመሐሉ ስስ ላስቲክ ተደርጎ። የቅጠሉን ደም ሥር በቢላዋ ጀርባ ያውጡ፤ በታጠፈ ወረቀት ላይ አስተኝተው ጎብጦ እንዲደርቅ ያድርጉ። ቅርንጫፉ ሽቦ ካለው ሽቦው በቀጥታ ኬኩ ውስጥ አይሰካም። አስቀድመው ንጹሕ የመጠጫ ስትሮ ይትከሉ፣ ቀዳዳውን በሊጥ ይድፈኑ፣ ሽቦውን እዚያ ውስጥ ያቁሙ።

እንጨት የሚመስል ቀለም ለቅርንጫፉም ለባርጩማውም ከቡና ራሱ ይገኛል። ቶሎ የሚሟሟውን የቡና ዱቄት በጥቂት ጠብታ ውሃ አወፍረው፣ ብሩሹን ጨርቅ ላይ አራግፈው፣ ስስ ስስ እያደረጉ ይደራርቡ። ከጓዳ ቀለም እንጠቀም ካልን እርድም ቀይ ስርም አለ፤ ሆኖም እርድ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ ቀይ ስርም ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል። ለዛሬ ማታ ኬክ ይሆናሉ፣ ለሳምንት ለሚቆይ ምስል አይሆኑም።

ሰው መሥራት

ስለ ሰው ምስል ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና። ሁለት ነገር ግን መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው የቆዳው ቀለም ነው። ሮዝ ሊጥ ገዝቶ ጠቆር ማድረግ የሚባል ነገር ይቅር። ከካካዎና ከቡናማ ቀለም ይነሡ፣ ጥቂት ቢጫና እጅግ ጥቂት ቀይ ይጨምሩ፤ ከዚያ የሙሽራውን ፎቶ ከጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። ሊጡ ሲደርቅ ጠቆር እንደሚል አስበው ትንሽ ያፍኩት። ልጅቱ ኬኩ ላይ ራሷን ማግኘት አለባት።

ሁለተኛው ዓይኑ ነው። ዓይን የሚቀመጠው ከራስ ቅሉ ቁመት መሐል ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ግን ግንባር ላይ ይሰቅለዋል። ሹሩባውን ከቀጫጭን የተገመደ ሊጥ፣ ጎፈሬውን በወንፊት ተጭኖ ከወጣ ሊጥ ይሥሩ። ለሐበሻ ቀሚሱ ነጩ ሊጥ 1 ሚሊ ሜትር ተዳምጦ ይታጠፍ፤ ጥበቡ ልብሱ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ይሣል። ተመራቂ ከሆነ ገዋኑ እስከ መሬት ስለሚደርስ እግሮቹን ይደብቅልዎታል፣ ምስሉም ይቆማል፤ ለጀማሪ ከተመራቂ የሚቀል ሰው የለም።

ማድረቅና ማስቀመጥ

የተሠራው ሁሉ ማራገቢያ አጠገብ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ። ፀሐይ ቀዩንና ሐምራዊውን ያደበዝዛል። ሲደርቅ በካርቶን ሳጥን ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ ይኑር። ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ አይክተቱት፤ የቀረው እርጥበት መውጫ ያጣል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ደግሞ የሳምንት ሥራን በአንድ ሌሊት ማጥፋት ነው፤ ሲወጣ ላብ ያልበዋል፣ ቀለሙ ይፈሳል።

ኬኩ

ምስል የሚሸከም ኬክ ጠንከር ያለ ይሁን። ለ20 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ 250 ግራም ገበታ ቅቤ፣ 225 ግራም ስኳር፣ 5 እንቁላል፣ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ ስኒ የቀዘቀዘ ወፍራም ቡና ይበቃል። የተነጠረ ቅቤ አይሆንም። በዝቅተኛ ቦታ ለዚህ መጠን 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይገባ ነበር፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ሩቡን ቀነስን። ኦቭኑ 175 ዲግሪ ይሁን። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሐሉን በስቴኪኒ ይፈትኑ።

መብራት ከጠፋ በድስት ይጋገራል፦ ወፍራም ድስት፣ ታቹ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ማስቀመጫ፣ ከዚያ መጋገሪያው፤ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም። ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው ይህን መማር አያስፈልገውም።

ለጾም 300 ግራም ዱቄት፣ 220 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 110 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 330 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ቡና፣ መጨረሻ ላይ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ። ኮምጣጤው ከገባ በኋላ ሳይዘገይ ምድጃ ይግባ። ይህ ኬክ ለስላሳ ስለሆነ ከባዱን ጀበና አይሸከምም፤ ጀበናው ከኬኩ ጎን ሰሌዳው ላይ ይቀመጥ። ጄላቲን ያለበት ማልበሻም ለጾም አይሆንም፤ ሲኤምሲ ያለበትን ሊጥ በግማሽ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን ያለስልሱ።

ማልበስ

ከፎንዳንት ሥር የሚገባው የቅቤ ክሬም ነው፤ 250 ግራም ገበታ ቅቤ በ450 ግራም ደቃቅ ስኳር ነጭ እስኪሆን ተመትቶ። ኬክ ቤቶች ቶርታ ላይ የሚቀቡት የሚርገበገብ ነጭ ክሬም ውሃ ስላለው ፎንዳንቱን ከሥር ያሟሟዋል። ስስ አድርገው ቀብተው ፍርፋሪውን ይያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙ፣ ደግመው ይቀቡ፣ በስፓቱላ ያስተካክሉ። ከዚያ 1 ኪሎ ማልበሻ ሊጥ በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተዳምጦ፣ በመዳመጫው ላይ ተጠቅልሎ ይወጣል። መጀመሪያ ላዩን፣ ቀጥሎ ጎኑን በመዳፍ ያለስልሱ፤ ታች የሚታጠፈውን ሳይጎትቱ ወደ ውጭ እየገለጡ ይጫኑት። ኬኩ ቀዝቅዞ ላብ ካለበት ቅዝቃዜው እስኪወጣ ይጠብቁ፤ ላቡን በጨርቅ አይጥረጉት።

ጀበናው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አራት ስትሮ በኬኩ ቁመት ቆርጠው ይትከሉ፣ በላዩ የጀበናውን ቂጥ የሚያህል ንጹሕ ክብ ካርቶን ያኑሩ። ክብደቱ በስትሮዎቹ በኩል ወደ ሰሌዳው ይወርዳል።

መንገድ

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአወቱ መንደራ እስከ ከተማው መርካቶ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ። ለሁለቱም ሕጉ አንድ ነው፦ ኬኩ ጭን ላይ አይያዝም። ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጨርቅ ተነጥፎለት ይቀመጥ። ምስሎቹ በሌላ ሳጥን፣ ለየብቻ በሶፍት ተጠቅልለው ይሂዱ። ከእርስዎ ጋር የማጣበቂያ ብልቃጥ፣ ከየቀለሙ ትንሽ ቁራጭ ሊጥ፣ ብሩሽና ሁለት ትርፍ ስኒ ይያዙ። ጥገና ቦታው ላይ የሚደረግ ሥራ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ኬኩን ለሚቆርጠው ሰው ሽቦው የት እንዳለ፣ ስትሮዎቹ የት እንዳሉ በአፍ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፈው ይስጡት። የሚያብረቀርቁ የወርቅና የብር ብናኞች ላይም ይጠንቀቁ፤ ለምግብ መሆኑ ያልተጻፈበት ብናኝ ለዐይን ብቻ ነው፣ ልጅ የሚቆርሰው ኬክ ላይ አይገባም።

ዋጋ ሲተምኑ ዱቄቱንና ስኳሩን ብቻ አይቁጠሩ። ጀበናው ሳምንት ፈጅቷል። የሰዓትዎን ዋጋ ያስሉ፣ ሥራው ሳይጀመር ግማሹን በቀብድ ይቀበሉ፤ ምስሉ ከተጀመረ በኋላ የተሰረዘ ትእዛዝ ለሌላ ሰው አይሸጥምና።

ትእዛዝ መቀበል ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ጀበና ለራስዎ ይሥሩ። በዝናብ ሳምንት፣ በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳይሸፍኑ ያቁሙት። በሰባተኛው ቀን አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ እጀታው ሳይወልቅ፣ ሲነካ እጅ ላይ ሳይጣበቅ ካገኙት የመጀመሪያውን ደንበኛ ይቀበሉ። ከተጣበቀ ግሉኮሱን በግማሽ ቀንሰው ይድገሙት።